ያለ ድምፅ አንደኛ የወጣው ፊልም

በሰኔ ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኤልያቄም ከሱቁ መስታወት ላይ የለጠፋትን ወረቀት አንዲት የማያውቃት ልጅ በእስክሪብቶ ስታርም ደረሰባት።

ሱቁ መካኒሳ አቦ ነው። ፊልም በፍላሽ ይጭናል፣ ቻርጀርና ኢርፎን ይሸጣል። ወረቀቷ ግን ከሱቁ ይልቅ ትታወቅ ነበር። «የኤልያ ምርጥ አስር፦ ለቤተሰብ የሚሆኑ የኮምፒውተር አኒሜሽኖች» ይላል ርዕሷ። የሰፈሩ ወላጆች ቅዳሜ ለልጆቻቸው ፊልም የሚያስጭኑት እሷን አይተው ነው፤ ኤልያቄምም ደረጃውን የሚያወጣው እንደ ዳኛ ተጨንቆና ተጠቦ ነበር።

«እህት፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ከኋላዋ።

መልስ የለም።

«አንቺን እኮ ነው!»

ልጅቱ አንደኛውን ፊልም ሰርዛ፣ ሰባተኛውን በቀስት ወደ ላይ መሳብ ጀመረች። ኤልያቄም ትዕግስቱ አለቀና ዞሮ ፊት ለፊቷ ተገተረ። ያኔ ቀና አለች። ትልልቅ ዓይኖቿ በቀጥታ ከንፈሩ ላይ አረፉ።

«ይቅርታ፣ ፊትህን ካላየሁ አልሰማህም» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ይሄዳል። «ጆሮዬ አይሰማም። ከንፈር አነባለሁ። አሁን ተናገር፤ ልትቆጣ ነበር መሰለኝ።»

እውነትም ሊቆጣ ነበር። አሁን ግን ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

«አንደኛዬን ለምን ሰረዝሽው?»

«ስለማይገባው።»

«‹የነጎድጓድ ልጆች› አይገባውም? በቀቀኑ ብቻ እኮ ፊልሙን ይሸከመዋል! ቀልዶቹን…»

«በቀቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል» አለች ልጅቱ። «በቀቀን ደግሞ ከንፈር የለውም። ምኑን ላንብብ?»

ኤልያቄም ሳያስበው ሳቁ አመለጠው። እሷም ፈገግ አለች፣ እስክሪብቶውን ግን አልዘጋችም።

ስሟ ሲና ሂርጳ ነበር። ፉሪ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። በሰባት ዓመቷ ማጅራት ገትር የመስማት ችሎታዋን ወሰደባት። አሁን እዚያው መካኒሳ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ታስተምራለች። የመጣችው ለሃያ ሁለት ተማሪዎቿ የዓመት መዝጊያ ፊልም ልታስጭን ነው።

«ይኼን ነው የምፈልገው» ብላ ሰባተኛውን ነካችው። «ኤሊዋና ማማው» ይላል። «ድምፁን አጥፍተህ እየው። ከዚያም በኋላ ሰባተኛ ነው ካልክ ወረቀትህን በራሴ እጅ አዲስ እጽፍልሃለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ኤልያቄም ኢርፎኑን ነቅሎ ተቀመጠ። ፊልሙን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አይቶታል። አንዲት ያረጀች ኤሊ ባሕር ላይ የሄደች ልጇ መንገድ እንዳትስት በየቀኑ የመብራት ማማውን ደረጃ ትወጣለች። ሁልጊዜ ሙዚቃው ቀድሞ መቼ ማዘን እንዳለበት ይነግረው ነበር። አሁን ነጋሪ ስላልነበረው ራሱ ማየት ግድ ሆነበት። የኤሊዋ እግር ቀጣዩን ደረጃ በዳበሳ ሲፈልግ አየ። መሃል ላይ ቆም ብላ በመስኮት ወደ ውጭ ስትመለከትም አየ። ለካ ባሕሩን አይደለም የምታየው፤ ከኋላዋ የሚከተላት ትንሽ ሸርጣን መድከሟን እንዳያውቅባት ነው።

«እኔ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምን ነበር የማየው?» አለ ለብቻው።

ሲና በሳምንቱ ስትመለስ ኤሊዋ ሦስተኛ ላይ ነበረች።

«ሦስተኛ ብቻ?»

«በአንድ ሳምንት አራት ደረጃ ወጥታለች» አለ ኤልያቄም ፊቱን ወደ እሷ አቅንቶ። «ለኤሊ ይኼ በጣም ፈጣን ነው።»

ሲና ጮክ ብላ ሳቀች። ሳቋ መንገደኛ አስዞረ፤ እሷ አላወቀችም፤ እሱ ግን መንገደኛውን ሁሉ ረስቶ እሷን ብቻ አየ።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስን ሳትጠብቅ በየቀኑ ትመጣ ጀመር። ፊልም እያነጻጸሩ ይከራከራሉ። ‹የቆርቆሮው ዝሆን› አምስተኛ ነው ወይስ ዘጠነኛ? መጨረሻው የተበላሸ ፊልም ከአስሩ ውስጥ መግባት አለበት?

«የቤተሰብ ፊልም የሚባለው አባትም ልጅም አንድ ቦታ ላይ አብረው ሲስቁ ነው» ይላል እሱ።

«አብረው ዝም ካሉስ?» ትላለች እሷ።

የምልክት ቋንቋ አስተምሪኝ አላት። በመጀመሪያው ሳምንት «ፊልሙ ቆንጆ ነው» ልል ነው ብሎ «ፊልሙ ጎመን ነው» አለ። ሲና ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀችበት። እሱ ግን አላቆመም። ታክሲ ውስጥ አብረው ሲሄዱ አንገቱ እስኪያመው ወደ እሷ ዞሮ ነው የሚቀመጠው።

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ ጣለ፣ ሰማዩ ጠቆረ፣ መብራትም ጠፋ። ሱቁ ጨለመ። ሲና ከንፈሩን ማየት አቃታት። ኤልያቄም ስልኩን አወጣና መብራቱን በራሱ ፊት ላይ አበራ።

«ታይኛለሽ?»

«አይሃለሁ።»

«እወድሻለሁ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ለእሷ ሁሉም ጸጥ ያለ ነው፤ ያ የበራ ፊት ብቻ አለ።

«ድገመው» አለች።

«አልታየሽም እንዴ?»

«ታይቶኛል። ድገመው።»

ደገመው።

የሰፈሩ ሰው ክርክራቸውን ወዶት ነበር። የወጣት ማዕከሉ ኃላፊ አቶ ደምሰው ለክረምቱ እረፍት አንድ ሐሳብ አመጡ። አንድ ቅዳሜ ለሰፈሩ ቤተሰቦች በትልቅ ስክሪን ፊልም ይታያል። ኤልያቄምና ሲና በአዳራሹ ፊት አንደኛ ስለሚሉት ፊልም ይከራከራሉ፣ ሕዝቡ እጅ ያወጣል፣ ያሸነፈው ፊልም ይታያል። ሲና ተማሪዎቿን ይዛ እንደምትመጣ ቃል ገባች።

ከቅዳሜው ዘጠኝ ቀን በፊት ግን ነገሩ ተበላሸ።

የኤልያቄም እናት ወይዘሮ ማሚቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ጠንካራ ሴት። በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ ቆመው ሲያናግሩት ሲና አስፋልቱን ልትሻገር ከወዲያ ማዶ ቆማ ነበር። የእሳቸው ፊት በመስታወቱ በኩል ወደ መንገዱ ነው፤ የኤልያቄም ጀርባ ብቻ ይታያል። ሲና ልታነብ አላሰበችም። ዓይኗ ልማዱ ሆኖ አነበበ።

«ደግ ልጅ አይደለችም አላልኩም» አሉ የወይዘሮ ማሚቴ ከንፈሮች። «ግን ሕፃን ሲያለቅስ ማን ሊሰማው ነው? አንተስ ዕድሜህን ሙሉ አስተርጓሚ ሆነህ ልትኖር ነው?»

ሲና የኤልያቄምን ጀርባ አየች። አንገቱን አቀረቀረ፤ ትከሻው ወረደ። ምን እንደመለሰ ጀርባው አልነገራትም።

የተስማማ መሰላት። አስፋልቱን ሳትሻገር የመጣውን ታክሲ ተሳፈረች። መልእክት ላከላት፤ አልመለሰችም። ፉሪ ድረስ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ፤ አባቷ አቶ ሂርጳ ወጥተው «አላገኘውም ብላለች፣ ልጄ። ምን እንደሆነች ለእኔም አልነገረችኝ» አሉት።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ኤልያቄም በሩን በሩን ሲያይ፣ ሲና ሃያ ሁለቱን ተማሪዎቿን አስከትላ ገባች። እሱን አላየችውም፤ ልጆቹን ከፊት አስቀምጣ መድረክ ላይ ወጣች። ለልጆች የተገባ ቃል ቃል ነው።

ይመጣል የተባለው አስተርጓሚ ግን ታክሲ አጥቶ ቀረ።

«በድምፅሽ ትሞክሪዋለሽ?» አሏት አቶ ደምሰው።

«አይሆንም። ተማሪዎቼ አሉ። በእጄ ነው የምናገረው።»

«ታዲያ ማን ይተርጉም?»

ኤልያቄም እጁን አወጣ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«ተከራካሪዋ እኮ ነህ!» አሉ አቶ ደምሰው።

«አውቃለሁ። አንድ ቃል አልቀንስባትም።»

ሲና በዘጠኝ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፤ እሺ።

መጀመሪያ እሱ ስለ ‹የነጎድጓድ ልጆች› ተናገረ። በቀቀኑን አስመስሎ ሲያወራ ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ተራው የሲና ሲሆን ከጎኗ ቆመና የእሷን እጆች ቃል ማድረግ ጀመረ። «እኔ» እያለ፣ በራሱ ድምፅ፣ የራሱን ፊልም ያፈርስ ገባ።

«እኔ ብዙ አላወራም። ከሁለቱም ፊልም ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ ድምፁ ጠፍቶ ይታይልኝ።»

በቀቀኑ መጣ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ሰዉ ትንሽ ጠበቀና እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። ቀጥሎ ኤሊዋ መጣች። አንደኛው ደረጃ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ወሬው ቆመ። መስኮቱ ጋ ደርሳ ያልደከመች ስትመስል፣ ያን ሁሉ ሰው የያዘው አዳራሽ ሳል እንኳ አልተሰማበትም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ማሚቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሲና እጆቿን አነሳች፤ ኤልያቄም ተከተላት።

«ተማሪዎቼ እናንተ በሳቃችሁ ቁጥር ‹ምን ተባለ?› እያሉ ነው ያደጉት። አሁን ሁለት ደቂቃ አብረን አየን። ማንም ማንንም ምን ተባለ አላለም። ለእኔ የቤተሰብ ፊልም ማለት ይኼ ነው።»

እስከ መጨረሻው ቃል ተረጎመላት። አንድም አልቀነሰም ነበር።

ሲና ግን እጇን አላወረደችም። ወደ እሱ ዞረች፤ ጣቶቿ በፍጥነት ሄዱ። እናትህ የተናገሩትን በመስታወቱ አይቻለሁ። አንተ የመለስከውን ግን አላየሁም።

ኤልያቄም ይኼን አልተረጎመም።

«ምን አለች?» አሉ አቶ ደምሰው።

«ይኼ… ይኼ ስለ ፊልሙ አይደለም።»

ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጆቹን ነጻ አደረገ። ከዚያ ያለ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይሳሳት እየተጠነቀቀ መለሰላት። ‹እማዬ፣ በሕይወቴ ፊቴን አይታ የሰማችኝ ሰው እሷ ናት› አልኳት። ያቀረቀርኩት እንባዬን እንዳታይብኝ ነው። ሲና፣ ያለ አንቺ መኖር አልፈልግም።

ሃያ ሁለት ልጆች ሁሉንም ሰምተዋል። መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቀጥሎ እጆቻቸውን ሽቅብ አንስተው ያርገበግቡ ጀመር፤ የእነሱ ጭብጨባ ነው። ከኋላ ያለው ሕዝብ አንገቱን ያሰግጋል። «ምን አለ? ኧረ ምን ተባለ?» ይላል ሁሉም። የሚመልስለት የለም። ልጆቹ ይስቃሉ። ሲና በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው አጠገቧ ያለ ወንበር ያዘች።

«እሺ፣ ወደ ፊልሙ!» አሉ አቶ ደምሰው ግራ ተጋብተው። ድምፅ ተቆጠረ። ‹የነጎድጓድ ልጆች› አርባ ስድስት። ‹ኤሊዋና ማማው› መቶ ሰባ ሦስት። ኤልያቄም ራሱ እጁን ያወጣው ለኤሊዋ ነበር።

ፊልሙ አልቆ ሰዉ ወደ ግቢው ሲወጣ ዝናቡ አባርቷል። ወይዘሮ ማሚቴ ሲናን ፈልገው አገኟት። ፊት ለፊቷ ቆመው ነጠላቸውን ከአገጫቸው ወደ ታች አወረዱ፤ አፋቸው በደንብ እንዲታያት።

«ልጄ፣ ያልኩትን እንዳየሽው ኤልያቄም ነገረኝ።»

«አይቻለሁ፣ እትዬ።»

«መጥፎ ነገር ነው የተናገርኩት። ይቅር በይኝ። ግን ያልኩት ነገር አሁንም ያስፈራኛል፤ አልዋሽሽም። ሕፃን ሲያለቅስ እንዴት ታውቂያለሽ? ንገሪኝ።»

ሲና እንዲህ ፊት ለፊት የጠየቃት ሰው አልነበረም። ደስ አላት።

«አብራኝ የምታስተምረው ቤተልሄም አትሰማም፤ ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ የሚበራ መብራት አላት። ከሁሉም በላይ ግን ዓይኗን ከልጆቿ አትነቅልም። ቤቷ እወስድዎታለሁ፣ ራስዎ ያዩታል።»

«መቼ?»

«ነገ ቢሉም ይቻላል።»

ወይዘሮ ማሚቴ በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ የሲናን ጉንጭ በመዳፋቸው ያዙ።

«እንግዲህ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?»

ሲና ደነገጠች፤ ቀጥሎ ሳቀች።

«መጀመሪያ እሱ ይጠይቀኝ እንጂ!»

«ኤልያቄም!» ብለው ተጣሩ ወይዘሮ ማሚቴ፤ ግቢው በሙሉ ዞረ። «ና ወዲህ! ልጅቷን ጠይቃት! ምን ይገትርሃል?»

ኤልያቄም ወንበር ሲያነሳሳ ከነበረበት መጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ዙሪያውን የቆመውን ሰው አየ፤ ከዚያ ሲናን ብቻ አየ። እጆቹን አነሳ። አግቢኝ ሊል ጣቶቹን ሲያዘጋጅ፣ ሲና አንድ እርምጃ ቀርባ ሁለቱንም እጆቹን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻቸው።

«እሺ!» አለች፤ በዚያች ሻካራ ድምፅዋ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማት ድረስ።