የማሽላ ጠባቂው ድምፅ

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሥራዬ ላብራቶሪ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ የወባ ተውሳክ ስፈልግ ነው የምውለው፣ ካየሁ አለ እላለሁ፣ ካላየሁ የለም ብዬ ፈርሜ እልካለሁ። ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ ወሬ ለማሳመር እንዳይመስላችሁ፣ እመኑኝ፣ ባይደርስብኝ ኖሮ እኔም ስቄ ነበር የማልፈው።

ከደብረ ታቦር ቆቦ ተመድቤ በሄድኩበት ጊዜ ነው። የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሥራ መልስ ቤት መቀመጥም አይቻል፣ መውጣትም አይቻል፣ እና እኔ ጊዜዬን የምገፋው ጌም በመሥራት ነበር። መጫወት አላልኩም፣ መሥራት። ወንድሜ አንዲት በእጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ልኮልኝ ነበር፣ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት፣ አሠራሯ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ኮድ መጻፍ የሚችል ሁሉ የራሱን ጌም ላፕቶፑ ላይ ጽፎ የሚጭንባት። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ እንደ ቀልድ የተማርኳት ፕሮግራሚንግ እዚህ ጠቀመችኝ። የጻፍኩት ጌም ስለ ማሽላ ጠባቂ ነው፣ አንድ ሰውዬ ማማ ላይ ቆሞ ወፎችን በወንጭፍ ያባርራል፣ ወፎቹ ማሽላውን ከጨረሱት ተሸነፍክ፣ በቃ።

የቀረኝ ድምፅ ነበር። የቤት አከራዬ እትዬ ታንጉት ባለቤታቸው ሞተዋል፣ የባላቸው ወንድም አያ ሞላ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በዋጃ በኩል ማሽላ ነበራቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ስልኬን ይዤ አብሬያቸው ሄድኩ። "ምንም አይናገሩ፣ ወንጭፉን ብቻ ያጩሁልኝ" አልኳቸው፣ እየሳቁ ማማው ላይ ወጥተው አጮሁልኝ፣ ቀዳሁ። ከሁለታችን በቀር እዚያ ሰው የሚባል አልነበረም።

ስንመለስ ሳቃቸው ጠፋ። "ልጄ፣ አብረሻት ነው የምትኖሪው፣ ብታውቂው ይሻላል" አሉኝ፣ "ነገ ጠዋት ለታንጉት መርዶ ልንነግራት ነው።"

የደሳለ መርዶ። የእትዬ ታንጉት አንድያ ልጅ ነው፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሳውዲ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ያልተሰማ። አብሮት የነበረ አንድ የጎብዬ ሰው ተመልሶ፣ ባሕሩን ሲሻገሩ የደሳለ ጀልባ ስትገለበጥ በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል።

"አደራ፣ እስከ ነገ እንዳታውቅ" አሉኝ።

ቤት ስደርስ ፊቴን እንዳያዩብኝ ሰላም ብዬ ቀጥታ ክፍሌ ገባሁ፣ እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ድምፁን ጌሙ ላይ ጫንኩት። ፀሐይ እየጠለቀች ነው፣ እትዬ ታንጉት ግቢው ውስጥ ማሽላ ያበጥራሉ፣ ሰፌዱ ሻ፣ ሻ ይላል። ቁልፉን ተጫንኩ፣ ወንጭፉ ጧ አለ። ጥሩ። ደግሜ ተጫንኩ፣ ጧ፣ ከኋላው ግን ትንፋሽ የሚመስል ነገር አለበት፣ ንፋስ ነው አልኩ። እንደገና ስጫን ጧ አለና፣ ቀጭን የወንድ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው፣ "እማ" አለ።

ግቢው ውስጥ ሰፌዱ ዝም አለ።

"ወይ!" አሉ እትዬ ታንጉት።

መጫወቻዋን አልጋው ላይ ጣልኳት፣ ማንም ሳይነካት "እማ፣ መጣሁ" የሚል ድምፅ አወጣች። በሩ ተከፈተ፣ እትዬ ታንጉት ሰፌዱን እንደያዙ ገቡ።

"ደሳለ ነው። የት ነው ያለው?"

"እትዬ፣ ጌም ነው፣ ከማሽላው የቀዳሁት ድምፅ..."

"የልጄን ድምፅ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው እንዴ?" አልተቆጡም፣ እንዲያውም ፈገግ ብለዋል። መጫወቻዋን አንስተው ደረታቸው ላይ አስጠጓት። "ዛሬን ተይልኝ፣ ሆዴ። እሱ ክፍል ላስቀምጣት።"

የነገውን እያወቅኩ እንዴት እምቢ እላለሁ? ሰጠኋቸው።

ወዲያው ላፕቶፔን ከፍቼ ያንኑ ቅጂ ደጋግሜ ሰማሁት፣ ወንጭፍ ብቻ ነው፣ ጧ፣ ዝም፣ ጧ፣ ዝም። ኮዱንም ፈተሽኩት፣ ቁልፍ ሳይነካ ድምፅ የሚያወጣ አንድም መስመር የለበትም። ለአያ ሞላ ደውዬ የሆነውን ስነግራቸው፣ "ያንን ማሽላ ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነበር" አሉ፣ "ሲመሽ ሰፈሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ 'እማ መጣሁ' እያለ ይጣራ ነበር።" መርዶውን ለሌላ ቀን አድርጉት ብላቸው፣ "ዘመድ ከየቦታው ተነሥቷል ልጄ፣ አይሆንም" አሉኝ።

ጎህ ሲቀድ አያ ሞላና ዘመዶቹ ነጠላና ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ታንጉት፣ እንግዲህ እግዜር..." ብለው ሲጀምሩ፣ እትዬ ታንጉት በእጃቸው ከለከሏቸው።

"ቀስ በሉ" አሉ፣ "ገና አሁን ነው የተኛው።"

ማንም አልጮኸም። አያ ሞላ የልጁን ክፍል ከፈቱ፣ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፣ አልጋው ላይ ሰው የለም፣ ግን ብርድ ልብሱ ተገልጧል፣ ትራሱ ጎድጉዷል፣ መሬት ላይ የተበላበት ሳህን አለ። ራሳቸው ተኝተውበት ይሆናል፣ ራሳቸው በልተው ይሆናል፣ እኔ ያኔ ለራሴ ያልኩት ይህንኑ ነው። አያ ሞላ ግን ፍራሹን ዳበስ አደረጉና እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ፣ ምን እንዳገኙ እስከዛሬ አልነገሩኝም። መርዶው በዚያው ቀረ፣ ለቀስተኛው ሳያለቅስ ተበተነ።

እኔም ብዙ አልቆየሁም፣ ዝውውር ጠይቄ ወደ ደብረ ታቦር ተመለስኩ፣ መጫወቻዋን እትዬ ታንጉት አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ዕቃዬን ስፈታ ቻርጀሯ ከእኔ ጋር መጥቷል፣ ባትሪዋ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው፣ ይህን ያዙልኝ።

ለእንቁጣጣሽ እንኳን አደረሰዎ ልበላቸው ብዬ ደወልኩ። ደስ ብሏቸው አነሱት፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ሲያወሩኝ፣ በመሃል ከጀርባቸው፣ እዚያው ቤት ውስጥ ካለ ሰው፣ "እማ፣ ማን ናት?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ያቺ የላብራቶሪዋ ልጅ ናት" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ "ሰላም በያት ይልሻል" አሉኝ።

ምን ልበል? እኔም ሰላም ይበሉልኝ አልኳቸው።