ሹክሹክታ ክልክል ነው

አሁን የማወራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከዋሸሁ የጠጣሁት ውሃ ትን ይበለኝ፣ የምይዘው መሰላል ሁሉ ይክዳኝ።

አውቃለሁ፣ በሰፈራችን ስሜ "ቀጣፊው" ነው። አንድ ጊዜ "ነፋስ ከነመሰላሌ አንስቶ የሰው ጣሪያ ላይ አስቀመጠኝ፤ ባለቤቶቹም ሻይ ጋበዙኝ" ብዬ ባወራሁ ጊዜ የወጣልኝ ስም ነው። ሻዩ እውነት ነበር። ትምህርቴንም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት፤ እኔ ትምህርትን ጠልቼ ይሁን ትምህርት እኔን ጠልቶ እስካሁን አልተጣራም። ስለዚህ ፊደል ብስት እለፉኝ። ነገሩን ግን ስሙኝ፤ ዛሬ ያልደረሰበት ቤት ነገ ይደርስበታልና።

ሥራዬ መሰላል መያዝ ነው። የምይዘውም ለአንድ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ሰፈርተኛው "ጋሽ ብሩሽ" ይለዋል። የዳቦ ቤቱን፣ የፀጉር ቤቱን፣ የጎማ ጠጋኙን፣ የጥርስ ሐኪሙን ታፔላ የጻፈው እሱ ነው። እሱ ከላይ ሆኖ ይጽፋል፤ እኔ ከታች ሆኜ እይዛለሁ፣ ቀለም እበጠብጣለሁ፣ አላፊ አግዳሚውን በወሬ አደነቁራለሁ።

በመሃላችን አንድ ሕግ ብቻ ነበረን። እግሩን ከማንሳቱ በፊት ወደ ታች ሳያይ "ያዝክ?" ይለኛል። እኔ "ይዣለሁ" እላለሁ። ሳልይዝ "ይዣለሁ" ማለት የለም። "ሌላውን እንዳሻህ ቅጠፍ። ንብ ተነሳ በለኝ፣ ጣሪያው ተቃጠለ በለኝ። እዚህች ቃል ላይ ግን እንዳትቀልድ፤ ከሷ በታች ያለው መሬት ነው" ይለኝ ነበር።

ከዚያ ጋሽ ብሩሽ ይከሳ ጀመር። ቀበቶውን በምስማር እየበሳሁ አዲስ ቀዳዳ የማወጣለት እኔ ነበርኩ። ከመሰላል ሲወርድ ሆዱን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት የዓይኑ ነጭ ከምንበጠብጠው ቢጫ ቀለም ጋር አንድ ሆኖ ባየሁት ጊዜ ወሬዬ ሁሉ ጠፋኝ። ሆስፒታል ገባ፣ ተመረመረ፣ ወጣ። "ጨጓራ ነው" አሉት።

ጨጓራ አልነበረም። የቆሽት ካንሰር ነበር፤ ወደ ጉበቱም ተሻግሯል። የመረመረችው ሐኪም መጀመሪያ የነገረችው ለታላቅ እህቱ ነው። "በሽታው አይድንም፤ ቀዶ ሕክምናም አይረዳውም። ሕመሙን ማስታገስ፣ የቀረውን ጊዜ ደህና ጊዜ ማድረግ ግን እንችላለን" አለቻት። ለራሱ ልትነግረው ስትነሳ እህቱ በሩ ላይ ቆመች።

ይህችን እህት ሰፈሩ በሙሉ "እትዬ" ነው የሚላት። ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ወንድሟን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሚስቱ ካረፈች ወዲህም ቤቱን የያዘችው እሷው ናት። ስትቆጣ የጎረቤት ውሻ መጮኹን ትቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ታዲያ ክፉ እንዳትመስላችሁ። ክፋት ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገችው ስለምትወደው ነው።

"እኔ አሳድጌዋለሁ፤ በቃል አልገድለውም" አለች ሐኪሟን።

"ዛሬ እሺ ልበል። ራሱ ከጠየቀኝ ግን አልዋሸውም" አለች ሐኪሟ።

እትዬም እንዳይጠይቅ ሐኪሟ ፊት ለብቻው አልተወችውም። ቤት ስንደርስ ሳሎን ሰበሰበችን። "የበሽታውን ስም የጠራ ምላሱን ይጠብቅ! ጨጓራ ነው፣ አለቀ። አንተ ቀጣፊው፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትዋሽ ኖረሃል፤ እስቲ አሁን ለቁም ነገር ዋሽ።"

"እትዬ፣ እኔ የማውቀው የቀልድ ውሸት ነው። የምሩን አልተማርኩም።"

"ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥለህ የመጣኸው እሱን ነው?" አለችኝ። ሳቅ አፈነኝ፤ ግን አልሳቅኩም።

ቤቱ የሹክሹክታ ፋብሪካ ሆነ። ጓዳ ሹክ፣ ደጅ ሹክ፤ እሱ ሲያስል ሁሉም ጸጥ። ጠያቂ በር ላይ ዓይኑን ጠርጎ ይገባና አልጋው ሲደርስ ጥርሱን ያሳያል። የዳቦ ቤቱ ጌታማ ቆዳና አጥንት ብቻ የቀረውን ሰው አይቶ "ተስማምቶሃል እኮ! ወፍረሃል!" አለው። እኔ በነፋስ የበረርኩት ሰውዬ አፈርኩ። እንዲህ ያለ ውሸት እኔም አልደፍርም።

የባሰው ግን ሌላ ነበር። ሐኪሟ ለሕመሙ የሚዋጥ ፈሳሽ ሞርፊን ሰጥታ ነበር። እትዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአንሶላ ጀርባ ቆለፈችበት። "እሱ የመጨረሻ መድኃኒት ነው፤ የቀመሰው አይነሳም። ደግሞ ሱስ ያስይዛል" አለች። በምትኩ ለራስ ምታት የምንውጠውን ኪኒን ሰጠችው። እሱ ትራስ ይነክሳል፤ እሷ ከግድግዳው ወዲያ ትሰማለች። በዚያ ላይ ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል ተነግሯት፣ "ይከፍቱታል፣ ያወጡለታል" ብላ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። "ለጨጓራህ የተሻለ ቦታ አለ" ተብሎ ሊሄድ ነው። የገዛ አልጋውን የሚለቀው፣ ሆዱ የሚቀደደው፣ ምናልባትም ከባዕድ ጣሪያ ሥር የሚሞተው ሰው ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

የጉዞውን ጉዳይ ልትጨርስ በወጣችበት ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ጋሽ ብሩሽ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣

"ያዝክ?" አለኝ።

"መሰላል የለ፣ ምን ልያዝ ጋሽዬ?"

"ያዝክ ወይ ነው ያልኩህ።"

ገባኝ። "ይዣለሁ" አልኩ።

"እንግዲያው ንገረኝ። ሐቀኞቹ ሁሉ እየዋሹኝ ነው። ሐቀኛ ከዋሸ እውነት የሚጠየቀው ቀጣፊ ነው።"

"ካንሰር ነው።"

ቃሏ ከአፌ ስትወጣ ጣሪያው የሚወርድብን መስሎኝ ነበር። አልወረደም። ዝንቧም መስኮቱ ላይ መዞሯን አላቆመችም።

"የቱ ጋ?"

"ቆሽትህ ላይ።"

ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰ ብዬ ብድግ ስል ለካ እየሳቀ ነው። "ደንበኛ ባስቸገረኝ ቁጥር ‘ቆሽቴ አረረ’ ስል ኖሬ፣ ይኸው ሰማኝ!" አለ። ሳቁ መሃሉ ላይ ተሰበረና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ሲበቃን "እድናለሁ?" አለኝ።

"እሱን ሐኪሟን ጠይቃት። እኔ መሰላል ያዥ ነኝ።"

እትዬ ስትገባ ከፊታችን አነበበችው። "ምን ነገርከው አንተ እርጉም!" ብላ ልታንቀኝ መጣች።

"እትዬ" አለ ከአልጋው፣ "እሱን ልቀቂውና ሻንጣውን ፍቺው።"

በማግስቱ ሐኪሟ ቤት ድረስ መጣች። በእግሩ በኩል አልቆመችም፤ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?" አለችው።

"የእኔ እመቤት፣ እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። ከሩቅ በሚነበብ ፊደል ንገሪኝ።"

ነገረችው። እንደማይድን፣ ቀዶ ሕክምናው ስቃይ ከመጨመር በቀር እንደማይፈይድ፣ የቀረው ጊዜም በዓመታት ሳይሆን በወራት የሚገመት መሆኑን ነገረችው።

እትዬ ጭንቅላቷን ያዘች። "ተስፋ ያስቆርጡታል እንዴ? ሰው ተስፋው ከተቆረጠ ምን ቀረው?"

"ተስፋዬን ማንም አልቆረጠውም እትዬ። እኔው ቀየርኩት" አለ ጋሽ ብሩሽ። "ትላንት መዳን ነበር ተስፋዬ። ዛሬ ሳያመኝ መዋል፣ በገዛ አልጋዬ ማደር፣ ደግሞ አንድ ታፔላ መጻፍ ነው። ይህ በሽታ ሰውነቴን ወስዷል፤ ቀኔን ግን አላስረክበውም! እሱ ሲገድለኝ ይገድለኛል እንጂ እናንተ በቁሜ አትቅበሩኝ።"

ሐኪሟ ሞርፊኑ ለምን እንዳልተሰጠው ጠየቀች።

"የመጨረሻ መድኃኒት መስሎኝ..." አለች እትዬ።

"እናቴ፣ ይህ የሚገድለው ሕመሙን ነው፤ እሳቸውን አይደለም። በመጠኑና በሰዓቱ፣ በእኛ ክትትል ከተሰጠ ሞትን አይጠራም። ሱስ የሚያሰጋውም ያለ ሐኪም እንዳሻው የሚወስደውን ነው፤ እኒህ ሰው የሚፈልጉት እንቅልፍ ነው።"

እትዬ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ብልቃጡን ከአንሶላው ጀርባ አወጣች። "ትራስ ስትነክስ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እሰማህ ነበር" አለችው።

"አውቃለሁ እትዬ። አንቺ የቆለፍሽው ሞቴን መስሎሽ ነው። የተቆለፈበት ግን እንቅልፌ ነው።"

ያን ጊዜ ጉልበቱ ላይ ወደቀች። ፀጉሯን እየዳበሰ ውሳኔውን ተናገረ፦ አልከፈትም፤ መተንፈሻ መሣሪያ አይገጠምልኝ፤ ቤቴ እሆናለሁ። "እኔ መናገር ሲያቅተኝ የምትናገሪልኝ አንቺ ነሽ። ግን የእኔን ቃል እንጂ የራስሽን እንዳትናገሪ" አላት። ሐኪሟም ሁላችንም እንሰማ ዘንድ አስደገመችው።

ሞርፊኑን የወሰደ ዕለት እንደ ሕፃን ተኛ። ሲነሳ ሾርባ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ብሩሽ ጠየቀ። ክንዱ ግን ወደ ላይ አልነሳ አለው። "አንተ ትወጣለህ፣ እኔ እይዛለሁ" አለኝ። የገዛ በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀጫጭን ጣቶቹ መሰላሉን ጨበጠ።

"ያዝክ ጋሽዬ?"

"ይዣለሁ። ‘የማይድን በሽታ ያለበት ሰው ቤት’ ብለህ ጻፍ።"

ጻፍኩ። ስወርድ ጋሽ ብሩሽ አንጋጦ አየና ጠየቀኝ፦ "‘የማይደን’ ምንድን ነው? የ‘ድ’ን ጭረት የት አደረግሃት?"

ረስቻታለሁ። ስድስተኛ ክፍል መሆን አለበት የቀረችው። ልሰርዝ ስል "ተው!" አለኝ። ዓይኑ እንደ ልጅ በራ። "መጨረሻው ላይ ‘ቅ’ ጨምርበት።"

እንዲህ ሆኖ በበሩ ላይ ከመንገድ ማዶ በሚነበብ ቀይ ፊደል ተሰቀለ፦

"የማይደንቅ በሽታ ያለበት ሰው ቤት። ሹክሹክታ ክልክል ነው።"

እትዬ ወጥታ አነበበች። መልሳ አነበበች። ከታመመ ጀምሮ ሳቋን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

የዳቦ ቤቱ ጌታ ታፔላውን አይቶ ገባና ከበሩ ጀምሮ "ካንሰር ይዞህ ነው አሉ!" ብሎ ጮኸ።

"አዎ! አንተን ደግሞ ምን ይዞህ ነው ዳቦህ እንዲህ የመነመነው?"

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ተቃቅፈው የምራቸውን አለቀሱ። ወፍረሃል ያለው ሰውዬ ያን ቀን ምን ያህል እንደሚናፍቀው ነገረው። ልብስ የምታጥብ ጎረቤታችን ደግሞ መጥታ በጆሮው ልታወራው ጎንበስ ስትል፣ ጣቱን ወደ ታፔላው ቀሰረ። "ጡቴ ውስጥ እብጠት አለ፤ ለማንም አልተናገርኩም" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እትዬ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች እጇን ይዛ ሐኪሟ ዘንድ ወሰደቻት። የዚያች ሴት ሕመም በጊዜ ተደረሰበት፤ ዛሬም ልብስ ታጥባለች፣ ዛሬም በእኔ ውሸት ትስቃለች።

ጋሽ ብሩሽ ያለውን ጊዜ ኖረው። ደንበኞቹን ተሰናበተ፣ የተቀየመውን ታረቀ፣ እኔን ፊደል አስቆጠረኝ፣ በቀባሁት ሁሉ ተሳለቀብኝ። ሕመሙ ሲበረታ ሐኪሟ መጠኑን ታስተካክላለች፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጠው እትዬ ናት።

በመጨረሻው ጠዋት ትንፋሹ ተቆራረጠ። ጎረቤት ግር ብሎ መጣ። "ምን ትጠብቃላችሁ? አምቡላንስ ጥሩ! መሣሪያ ይገጠምለት!" ብሎ ጮኸ። እትዬ በሩ ላይ ቆመች፤ ያኔ ሐኪሟን ከልክላ እንደቆመችው ነው የቆመችው። "ወንድሜ የተናገረው ቃል አለ" አለች። "መቀመጥ የሚፈልግ ይግባ፤ ሊወስደው የመጣ ግን በእኔ ላይ ተራምዶ ይለፍ።" የተራመደ አልነበረም።

ከዚያ ጋሽ ብሩሽ ዓይኑን ሳይከፍት "ያዝክ?" አለ። እጁን ጨብጬ "ይዣለሁ" አልኩት። እግሩን አነሳ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከታመመ ሰው የምትደብቁት እውነት የእሱ ንብረት ነው። ሊያውቅ የፈለገውን አትከልክሉት፤ የሚያሳርፈውን መድኃኒት አትቆልፉበት፤ የት ልሁን፣ እንዴት ልሁን ሲል በፍቅር ስም አፉን አትዝጉት። የማይድን በሽታ አለ፤ የማይኖር ቀን ግን የለም። በሽታውን በስሙ ጥሩት፣ ይስማ! እኛ እሱን ፈርተን በገዛ ቤታችን የምንሾካሾክበት ምን ዕዳ አለብን?

ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው ብያችኋለሁ። ውሃም እየጠጣሁ ስለሆነ አንዲት ነገር ላርም። መጨረሻ ላይ "ይዣለሁ" ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሷን ፈጠርኳት። እኔ ማየት አቅቶኝ ውጪ፣ ታፔላው ሥር መሰላሉን ታቅፌ ነበር። "ያዝክ?" አላለም፤ "ያዝሽ?" ነው ያለው። እትዬም "ይዣለሁ" ያለችው በሹክሹክታ አልነበረም፤ እኔ ካለሁበት ድረስ ይሰማ ነበር።