የሄዱት ሰዎች ድካም

የወይብላ ሰዎች ድካማቸውን የሚያስረክቡት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከጥጥ ማሳው ይመለሱና በጥጥ መዳመጫ ፋብሪካው በር ይሰለፋሉ። ተራው የደረሰ ሰው የግራ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን በበሩ ላይ በተተከለው ማሽን የመስታወት ደፍ ላይ ያሳርፋል፤ ደፉ አረንጓዴ ይበራል፤ ሰውየውም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ከተጀመረ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ልጆች እንኳ እቃቃ ሲጫወቱ ክንዳቸውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስደግፈው «አስረከብኩ» ይባባላሉ።

በእያንዳንዱ ሰው ክንድ ላይ ያለው ነገር የድካም አምባር ይባላል። ከሹራብ ክር የማይወፍር ግራጫ ቀለበት ነው። የጡንቻን ሙቀትና የልብን ምት እያዳመጠ ሰውየው በቀኑ ምን ያህል እንደሠራ ይመዘግባል። አንድ አምባር አንድ ሠራተኛ ነው። አራት ሺህ ሠራተኛ ያላት ከተማ ባቡር፣ ውሃና ሐኪም ቤት ይኖራታል፤ ለሦስት ተከታታይ ወቅቶች ከዚያ በታች ሆና የተገኘች ከተማ ግን ትታጠፋለች። መታጠፍ የቢሮ ቃል ነው። በሰው ቋንቋ ሲነገር ባቡሩ ይቀራል፣ የውሃው ፓምፕ ተነቅሎ ይወሰዳል፣ ነዋሪውም በየተመደበበት ይበተናል ማለት ነው። በዚያ ቆላ ዘጠኝ ከተሞች ታጥፈዋል። ወይብላ አሥረኛዋ ያልሆነችው ቁጥሯ አራት ሺህ አሥራ ስድስት ላይ ተቸንክሮ ስለቀረ ነው። ልጆቿ በየዓመቱ በባቡር ወደ ወደብ ከተሞች እየሄዱ ቁጥሯ አለመነቃነቁ ለምን ማንንም እንዳላስገረመ እንጃ። ቁጥር ካልወረደ ማን ይጠይቃል?

ሰዓዳ ይመርም የመጣችው ለዚህ አልነበረም። ማዕከላዊው የቆጠራ ቤት የላካት አንድ የተበላሸ አምባር እንድትመረምር ነው። ቁጥሩ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ግራኝ ሆኖ ይመዘገባል፣ በማግስቱ በቀኙ ይሠራል። ሰኞ ልቡ እንደ ጎረምሳ ይመታል፣ ማክሰኞ እንደ ስድሳ ዓመት ሴት ያለከልካል። ወደ ቆላው መሄድ የፈለገ ሌላ ሠራተኛ ስላልነበረ ሰዓዳ «አገሬ ነው፣ እኔ ልሂድ» አለች።

አገሯ ነው ይባል እንጂ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የቆጠራ ቤት ሰዎች አምባር አያስሩም፤ ቆጣሪ አይቆጠርም ነው ደንቡ። ስለዚህ ስትሄድ የራሷን አውልቃ ለአባቷ ሰጥታው ነበር፣ ለጽሕፈት ቤቱ እንዲመልስላት። ከዚያ ወዲህ በዒድ በዒድ ትደውላለች፤ አባቷም ሁልጊዜ ደህና ነው።

የደረሰች ዕለት ምሳ አቀረበላት። ሙቀቱ ጣራውን እያንጫጫ እሱ ረጅም እጅጌ ለብሷል።

«አባ፣ ሰብስበው እንጂ። ልትታፈን ነው እኮ።»

«እርጅና ነው። ይበርደኛል።»

ወሬ ጀመረላት፤ መሐል ላይ ቃሉ ተቆረጠ። ቀና ስትል ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶታል። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ዕድሜ ነው ብላ አለፈችው፣ ጉርሻውንም ከጣቶቹ መሐል ቀስ ብላ አወጣችለት። የሰውን ድካም በመለካት የምትተዳደር ሴት ናትና፣ እዚያ ላይ ብትቆም ኖሮ ብዙ ነገር በገባት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የአምባሩ ባለቤት የሐሰን እንድሪስ ቤት ሄደች። የከፈተችላት ሚስቱ ዘምዘም ነች።

«ሐሰንን ፈልጌ ነበር።»

«ማሳ ነው።»

«እጠብቀዋለሁ።»

«ይመሽበታል» አለች ዘምዘም።

ሰዓዳ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ማጣሪያዋን አወጣች። ማጣሪያ የእጅ መዳፍ የሚያክል ሰሌዳ ነው፤ የአንድን ሰው ድካም በመስመር ያሳያል። የሁሉም ሰው መስመር እንደ እጅ ጽሑፉ ለየቅል ነው። የአምባሩን ያለፈ ወር ዘረጋችና ለዘምዘም አሳየቻት፤ አሥራ ሁለት የተለያዩ መስመሮች፣ አሥራ ሁለት የተለያዩ ሰዎች።

«የትኛው ነው ሐሰን?»

ዘምዘም ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ አየችው። የባሏን መስመር የምትፈልግ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ከሰዓዳ አጠገብ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«አንዱም አይደለም። ሐሰን ካረፈ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሩ ነው። መዋሸት አልችልበትም፣ የሰፈሩ ሰውም ያውቃል። ሂጂና ጋሼ ደምለውን ጠይቂ።»

ጋሼ ደምለው የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ወይብላ ውስጥ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ሆኖ ይቀብራል። ሽማግሌው ጥያቄዋን ሰምተው አልተቆጡም፣ አልካዱምም። ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ወሰዷት።

የታጠፈው ድንኳን፣ ቃሬዛው፣ ትልልቆቹ ድስቶች ልጅ ሆና በምታውቃቸው ቦታ አሉ። አዲስ የሆነባት ግድግዳው ነው። ከዳር እስከ ዳር ምስማር ተመትቶበታል፤ በእያንዳንዱ ምስማር ሥር ስም የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፏል። ጊዜው የሥራ ሰዓት ስለነበር ምስማሮቹ ባዶ ናቸው።

«የሐዘን ቤት ሥራ እንደማይሠራ ታውቂያለሽ» አሉ ጋሼ ደምለው። «አርባው እስኪወጣ የሟቹን ማሳ ቅሬው ነው የሚሠራው። ይሄ እኛ የፈጠርነው አይደለም፣ ስንወለድም ነበር። አምባሩ ሲመጣ፣ ሥራው የሟቹ ነውና የሟቹን አምባር አስረን ሠራንለት። በአርባው ቀን ልንመልሰው ነበር።»

«ታዲያ?»

«አምባሩ አዲስ ሰው ለመልመድ አርባ ቀን ነው የሚፈጅበት። ደፉም ለሐዘንተኛ አርባ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፣ አይመረምርም። እና በአርባ አንደኛው ቀን ልንመልስ ስንሄድ፣ ደፉ አረንጓዴ በራ። ያን ጊዜ ቁጥራችን አራት ሺህ አሥራ ስድስት ድረስ ወርዶ ነበር። ማን ይመልስ? አንቺ ብትሆኚ ትመልሺ ነበር?»

ሰዓዳ አንዱን ባዶ ምስማር በጣቷ ነካች፤ ሽማግሌው ቀጠሉ።

«እያንዳንዱ አምባር የሚሸከመው አንድ ቋሚ ሰው አለው፤ ማታ እዚህ ይሰቅለዋል፣ ጠዋት ያወርደዋል። የራሱን ፈረቃ ይሠራል፣ ቀጥሎ የዚያን ሰው ይሠራል። የሐሰንን ብቻ፣ ሚስቱ አቅም ስለሌላት ሌላ ዘመድም ስለሌለው፣ በተራ አደረግነው፤ ደፉ አሥራ ሁለቱንም አንድ ላይ ለመዳቸው፣ ቆጠራ ቤቱን ግን እሱ ነው የጠራብን። ውሸት ነው ካልሽኝ ውሸት ነው። ጥጡ ግን ተለቅሟል፣ ቦዩም ተጠርጓል። የሦስት ሺህ አራት መቶ ሰው ጉልበት የአራት ሺህ ሰው ሥራ ሠርቷል።»

«ስድስት መቶ ሰው ሞቷል?»

«ሁለት መቶ ሦስት ናቸው የሞቱት።» ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ። «በይ እንውጣ፣ እዚህ ይሞቃል።»

ለመውጣት መቸኮላቸው ነው ያስቆማት። ወደ ግድግዳው ተመልሳ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ታነብ ጀመር። የሞቱት ስም በጥቁር ተጽፏል፤ አራት መቶ ስምንቱ ደግሞ በሰማያዊ። ከሰማያዊዎቹ ብዙዎቹን ታውቃቸዋለች፤ አብረዋት የተማሩ፣ አብረዋት በዚያው ባቡር የሄዱ ናቸው። በአራተኛው ረድፍ ከመስኮቱ በታች ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት የሚል ቁጥር አለ። ከሥሩ በአባቷ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ «ሰዓዳ» ይላል።

«ሲሄዱ ታመዋል ብለን አርባ ቀን ፈቃድ እናወጣላቸዋለን» አሉ ጋሼ ደምለው ከኋላዋ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «እንዳትሰሚ ነበር ውላችን። ልጆቹ እንዳይሰሙ ሁላችንም ተማምለናል።»

ማሳው ድረስ ሮጠች። ረጅም ቃጫ ያለውን ጥጥ ሳይበጥስ የሚለቅም ማሽን እስካሁን አልተሠራም፣ በሰው ጣት ብቻ ነው የሚለቀመው፤ አባቷ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። ሳትናገረው የግራ እጅጌውን ሰበሰበችው። ሁለት አምባር ታስሯል።

«አይ ደምለው» አለ ይመር። «አፉ ላይ መቆለፊያ የለውም።»

«አሥራ አንድ ዓመት፣ አባ? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«ምን ላድርግ? ልመልሰው ጽሕፈት ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ከመለስኩት ስምሽ ይሰረዛል አሉኝ። ብትመጪ አገርሽ ላይ እንግዳ ልትሆኚ ነው። ደግሞ ቀላል ነው፣ ግማሽ ፈረቃ ነው የማሠራሽ።» ሳቅ አለ። «ሰነፍ ሠራተኛ ነሽ ይሉሻል፣ ስምሽን አጥፍቼብሻለሁ።»

ማጣሪያዋን ክንዱ ላይ አደረገች። በሥራዋ እንዲህ ዓይነት መስመር ሁለት ጊዜ ብቻ አይታለች፤ ሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ ከወቅቱ መጨረሻ አልደረሰም። ባለፈው መኸር ሦስት ሰው ማሳው ላይ እንደወደቀ የነገራት ራሱ ይመር ነው፣ ያውም ተረጋግቶ። አንዱ ሲወድቅ አሁን ሁለት አምባር ነው የሚወርደው፤ ሁለቱንም የሚያነሳ ሌላ ሰው ይፈለጋል። የዚያን መጨረሻ ለማስላት ማጣሪያ አያስፈልግም። ሰዓዳ ፈራች። የፈራችው ለከተማዋ አይደለም፣ አባቷን እንዳታጣ ነው።

«አውልቅልኝ» አለችው።

ሦስት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንትን ራሷ አሰረችው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለቀመች። ጣቶቿ ደሙ፣ ወገቧ አልታጠፍም አልዘረጋም አለ፤ አባቷ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አለቃቀሟን እየተቸ ዋለ። ሲመሽ ተሰለፈችና ክንዷን ደፉ ላይ አሳረፈች።

ደፉ ቀይ በራ።

«የአምባሩ ባለቤት አይደሉም» አለ። «ሥራዎ አልተመዘገበም።»

«ሰዓዳ ይመር ነኝ።»

«ሰዓዳ ይመርን እናውቃታለን። እርስዎ አይደሉም።»

ለደፉ ሰዓዳ ይመር ማለት ወገቡን የሚያመው፣ ግራ ትከሻው የሚከብደው፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያወቃት እንዲህ ነው። ይመር ከኋላዋ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ተቋረጠና ፊቱን በእጅጌው ሸፈነ። ሰዓዳም ሰው ሁሉ እያያት አለቀሰች።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ደምለው ዘንድ ሄዳ ሪፖርቷን አነበበችላቸው። በወይብላ ያሉ ሠራተኞች ሦስት ሺህ አራት መቶ አምስት ናቸው ይላል።

«ታጠፍን ማለት ነዋ» አሉ ሽማግሌው። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ብቻ ወንበሩ ላይ ዝቅ አሉ።

«ሦስት ወቅት ይሰጠናል። ደግሞ ሕጉ ሌላም ነገር ይላል። ማንኛውም የአምባር ባለቤት መዝገቡን የማየት መብት አለው። የሞቱት ማየት አይችሉም። የሄዱት ግን ይችላሉ፤ አድራሻቸው ቆጠራ ቤት አለ። ለአራት መቶ ሰባቱም ልልክላቸው ነው።»

«አይሆንም! ተማምለናል አልኩሽ። እናሸማቅቃቸው?»

«ይሸማቀቁ፣ ጋሼ። እኔ ተሸማቅቄ የለም?»

ሽማግሌው «ለኔም ልጅ ትልኪለታለሽ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አለቻቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

መልእክቱ አጭር ነበር። «ባለፈው ወር በወይብላ መቶ አራት ሰዓት ሠርተዋል። የሠራልዎ ሰው፦ እናትዎ» ይላል፤ ወይም አባትዎ፣ ወይም ታላቅ እህትዎ። የመጀመሪያው መልስ የመጣው ሰዓት ሳይሞላ ነው። አንድ የወደብ ሠራተኛ «ስህተት መሰለኝ። እናቴ በስልክ ደህና ነኝ ነው የምትለኝ» ብሎ ጽፏል።

ሰዓዳ «ስህተት የለም» ብላ መለሰችለት።

ቆጠራ ቤቱም መለሰ። ሪፖርቱ ደርሷል፤ ለወይብላ ሦስት ወቅት ተሰጥቷል፤ የሠራተኛዋ ጉዳይ ይጣራል። ሰዓዳ አንብባው ማሳ ወረደች።

ሰዓዳ አምባሩን ባሰረች በዘጠነኛው ቀን ባቡሩ ሲቆም አሥራ አራት ሰው ወረደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ባቡር የሚታወቀው ሰው በመውሰድ ነበር። አሥራ አራት ሰው ከተማ አያድንም፤ ይህን ከሰዓዳ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አምባራቸውን ከተሸከሙላቸው ሰዎች ተቀብለው አሰሩ፣ ከሰዓት በኋላ አብረዋት ለቀሙ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት አብረዋት ተሰለፉ። የጋሼ ደምለው ልጅ ከፊቷ ነበር። ደፉ ለአሥራ አምስታቸውም በየተራ ቀይ በራና ባለቤቶቹ አይደላችሁም አላቸው። ማንም አልተከራከረውም፤ ማሽኑ አልተሳሳተም።

ቤት ስትገባ አባቷ ተኝቷል። ከቀትር ጀምሮ እንደተኛ ጎረቤት ነገራት። የለበሰው አጭር እጅጌ ነው። ግራ ክንዱ ላይ የራሱ አምባር አለ፤ ከጎኑ አሥራ አንድ ዓመት ፀሐይ ያልነካው ቀጭን ነጣ ያለ መስመር ክንዱን ዞሮ ይታያል። አጠገቡ ቁጭ አለች።

ዓይኑን ሳይገልጥ «አስረከብሽ?» አላት።

«አስረከብኩ።»

«ተቀበለሽ?»

«ገና ነው፣ አባ። ሠላሳ አንድ ቀን ይቀረኛል።»

«ይለምድሻል» አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።