በአረንጓዴ የተቀባችው ወር

ሰው በክፋት ብቻ አይበድልም፤ ልጆቼ፣ በመውደድም ይበድላል። የመዝጋቢውም ነገር እንዲሁ ነው።

መዝጋቢው በጤና ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ፣ እግሩ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይሠራ ነበር። ከጀርባው ግድግዳውን የሞላ ሠንጠረዥ አለ። የዓለም መንግሥታት «በወሊድ የሚሞቱ እናቶች ቁጥር እስከዚህ ዓመት ይህን ያህል ይቀንስ» ብለው ግብ አስቀምጠዋል። በሠንጠረዡ ላይ የእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ ወር አንዲት ሳጥን ናት፤ እናት ካልሞተች አረንጓዴ፣ ከሞተች ቀይ። ቀለሙን የሚቀባው እሱ ነው።

ከወንዙ ማዶ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፖርት የምታመጣው አዋላጅ ነበረች። ትውውቃቸው በጠብ ጀመረ።

«እህቴ፣ ይሄ ቁጥር አይገጥምም» አላት።

«የወለዱት ሠላሳ አንድ፣ የተወለዱት ሠላሳ ሁለት። ምኑ ነው ያልገጠመው?»

«አንዱ ልጅ ከየት መጣ?»

«መንታ የሚባል ነገር ሰምተህ አታውቅም፣ አቶ ቁጥር?»

እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ወዲያ ስሙ አቶ ቁጥር ሆኖ ቀረ። ወር በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እሷ በምትመጣበት፣ ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል። እናቱም «ወረቀት ለመቀበል ነው ይሄ ሁሉ መተኮስ?» ይሉታል። በኋላ ግን «በል አምጣትና ልያት» አሉት። አዋላጇም እሺ አለች፤ ቀን ተቆረጠ።

በመካከሉ አንድ ወር ሳትቀልድ ገባች። ወረቀቱ ላይ በሞት ረድፍ «አንድ» ተጽፏል።

«ደም እየፈሰሳት በቃሬዛ ሲያመጧት ወንዙ ድረስ ሮጬ ደረስኩ» አለችው። «እጄ ላይ አለፈች።»

ሊያጽናናት የዘረጋው እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ስትሄድ ቀዩን እርሳስ አነሳ። ቀይ ያዩ ጊዜ አለቃው መጀመሪያ የሚጠሩት አዋላጇን ነው፤ አምና አንዷ በዚሁ ከሥራዋ ተነስታለች። «መንገድ ላይ የሞተች ጤና ጣቢያ ውስጥ አልሞተችም» ብሎ ራሱን አሳመነና አረንጓዴውን ቀባ። ውለታ የዋለላት መሰለው።

በሁለተኛው ወር ለቢሮው አንድ አምቡላንስ መጣ። አለቃው ሠንጠረዡን አይተው ቀይ ወዳለበት ላኩት። አዋላጇ ይህን ሰምታ ደረጃውን ወጣች፤ በጣቷ ወሯን ፈልጋ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳይወቅሱሽ ብዬ ነው።»

«ይውቀሱኛ። ወቀሳ ሰው አይገድልም። ባሏን "ሞቷን ጽፌዋለሁ፣ በእሷ ሰበብ መኪና ይመጣል፣ ሌላዋ ትተርፋለች" ብዬ ነው ያጽናናሁት። አሁን ሄጄ ምን ልበለው?»

«አስተካክለዋለሁ።»

«መኪናው ሄዷል።»

ጣቷን ከሳጥኗ ላይ አነሳች።

«ለእኔ ብለህ ነው፤ እሱ ነው የከፋው» አለች። «ጠልተኸኝ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር።»

የተቆረጠው ቀን መጣና ሄደ። እናቱ አልጠየቁትም። ከወንዙ ማዶ ሪፖርት የሚያመጣው ሌላ ሰው ሆነ። መዝጋቢው አለቃው ዘንድ ገብቶ ጥፋቱን በገዛ አፉ ተናገረ፤ በሳጥኗም ላይ ቀይ ደረበ። ሁለተኛው መኪና የመጣው ከአሥራ አራት ወር በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት ከወንዙ ማዶ አንዲት ቀይ ሳጥን ተጨመረች።

ዓመታት አለፉ። ግቡ የተቀጠረለት ዓመት ደርሶ እንግዶች ሠንጠረዡን እያዩ አጨበጨቡ፤ አብዛኛው አረንጓዴ ነበር። ጠጉሩ የሸበተው መዝጋቢ አንዲቷን ሳጥን ብቻ ያያል። ቀይ በአረንጓዴ ላይ ሲደረብ ቀይ አይሆንም፤ የጭቃ ቀለም ይዛ ቀርታለች።

አንዲት ሴት አጠገቡ ቆመች። የጋብቻ ቀለበት አድርጋለች። እሷም ያቺኑ ሳጥን ታያለች።

«አልፋቅካትም» አለችው።

«አልፋቅኳትም።»

የተተኮሰውን የሸሚዙን ኮሌታ አየችና ፈገግ ልትል ስትል ተወችው።

«ደህና ሁን፣ አቶ ቁጥር።»

የቢሮው ደረጃ ሃያ ሁለት ነው። እርምጃዋን እስከ መጨረሻው ቆጠረ።