የውሰት ምላስ

ምላስ ዝም አለች።

ማንኪያውን ከአፏ አውጥታ፣ ሾርባውን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ሰቀለች። አክስቷ ጭልፋውን እንደያዘች ፊቷን ታጠናለች። ድስቱ አዲሱ ምድጃ ላይ ቀስ እያለ ይንተከተካል።

«እ? እንዴት ነው?» አለች አክስቷ።

ምላስ አሁንም ዝም።

«ወይ ጉዴ!» አክስቷ ጭልፋውን መክተፊያው ላይ አስቀመጠችው። «አንቺ ዝም ካልሽማ ነገሩ ከፍቷል።»

እውነቷን ነው። ልጅቷ ሌላ ስም አላት፤ ግን ስም ከሚጠሩ መምህራን በቀር በእሱ የሚጠራት የለም። ምላስ የተባለችው አንድም ነገር ሆዷ ውስጥ አድሮ ስለማያውቅ ነው። መምህሩ የቤት ሥራ መሰብሰቡን ረስተው ሊወጡ ሲሉ እጇን አውጥታ ያስታወሰቻቸው እሷ ናት፤ የክፍሉ ልጆች ሳምንት ሙሉ ላጲስ ከልክለዋታል። ለአባቷ ልደት በድብቅ ጫማ የተገዛ ጊዜም፣ «አባዬ፣ ሰሞኑን ጫማ እንዳትገዛ፤ ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ» ያለችው እሷው ናት። አባቷ መላጣውን እያሻሸ፣ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔና አንቺን ይቺው ተረት ትበቃናለች» ብሎ ስቆባታል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል፤ የእሷ ግን ከሻይ ብርጭቆ አይሰፋም።

«ጨው ነው?» አክስቷ ድምጿን ቀነስ አድርጋ ጠየቀች።

«ትንሽ...» አለች ምላስ። ከዚያ በላይ አልቻለችም። «ኧረ አክስቴ፣ ባሕር ነው! ዓሣ ብትለቂበት ይራባል!»

አክስቷ ትስቃለች ብላ ነበር፤ አልሳቀችም። ምድጃው አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን በሽርጧ ጠረገች። እጆቿ ንጹሕ ነበሩ፤ እሷ ግን ደግማ ጠረገቻቸው።

አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ናት። ምላስ ሳትወለድ ጀምሮ አብራቸው ትኖራለች፤ የቤቱ ድስት ሁሉ በእሷ እጅ ነው። እጇ ይጣፍጣል። ድንች ብቻ ቀቅላ ብታቀርብ እንኳ እንግዳ «ምን ጨምረሽበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ችግሩ ኩሽናው ነበር፤ ሁለት ሰው ከገባበት አንዱ ዞር ለማለት ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ግንበኛው አባቷ ለዓመታት «እትዬ፣ አንድ ቀን ጓሮው ውስጥ የንግሥት ኩሽና እሠራልሻለሁ» እያለ ሲፎክር ኖሮ፣ ዘንድሮ ቃሉን ፈጸመ። ሁለት ድስት የሚጣድበት የጡብ ምድጃ ገነባ፤ ከጎኑ ለጥብስ የሚሆን የብረት ፍርግርግ አጋደመ፤ ቋሚዎች ተክሎ ቆርቆሮ አለበሰው። ግድግዳ የለውም። ምላስና አክስቷ ደግሞ በአሮጌ የቀለም ጣሳዎች ናና፣ በሶብላና ሮዝመሪ ተክለው ዙሪያውን ደረደሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው መደብ የካሮት፣ የቲማቲምና የቆስጣ ነው። ቅዳሜ ጎረቤትና የምላስ የክፍል ጓደኞች ተጠርተው ኩሽናው ሊመረቅ ነው። ይህ የሐሙስ ሾርባ የሙከራ ነበር።

«ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ነው» አለች አክስቷ። «እሱ ሄደ፤ ጣዕሙን ይዞብኝ ሄደ። ጎመን ብበላ ወረቀት ብበላ ለእኔ አንድ ነው። ማሽተትም የለ። ሐኪሙ ይመለሳል ብሎኛል፤ መቼ እንደሆነ ግን እሱም አያውቀውም።»

«ለእማዬ ንገሪያት!»

«እናትሽን አታውቂያትም? ‹በቃ እትዬ፣ አንቺ ዕረፊ› ብላ ጭልፋውን ትቀማኛለች። ሌላው ደግሞ እንደ በሽተኛ ከንፈር ይመጥልኛል። ድስቱን ከወሰዱብኝ እኔ ማን ነኝ?» ድምጿ ሰለለ። «ቅዳሜ ይቅር። ራሴን አሞኛል እላለሁ።»

ምላስ አክስቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። አንጀቷን በላቻት። እንደ ልማዷም ሳታስብ አፏ ቀደመ።

«ምላሴን ላውስሽ!»

«ምን?»

«አንቺ እጅ አለሽ፤ የጠፋው ምላስ ነው። እኔ ደግሞ ከምላስ በቀር ምን አለኝ?»

አክስቷ መጀመሪያ አፈጠጠችባት፤ ከዚያ ሳቋ ሲያመልጣት በርጩማው ተንገጫገጨ። ስቃ ስትጨርስ ግን ጣቷን ቀሰረች።

«ስታውሺኝ ግን እንዳለ ነው የምትሰጪኝ። ለሌላ ሥራ አይውልም። ጓደኛሽ ዜና ጆሮ ከደረሰማ አለቀልኝ። ሰኞ ለእናትሽ በራሴ አፍ እነግራታለሁ፤ እስከዚያ...»

«እስከዚያ ምላስ የለኝም» አለች ምላስ።

አንድ ችግር ቀረ፤ ግድግዳ አለመኖሩ። በድሮው ኩሽና ቢሆን በሩን ዘግተው ይንሾካሾኩ ነበር። እዚህ ግን ጓሮው ሁሉ ያያቸዋል። ስለዚህ ጣሳዎቹን ቋንቋ አደረጓቸው። ምላስ ዞር ብላ ትቀምስና ናናውን ውሃ ካጠጣች «ጨው ጨምሪ» ማለት ነው፤ በሶብላ ከቀነጠሰች «በቃ፣ አትንኪው» ማለት ነው። አርብ ማታ በሩዝ ተለማመዱ። ናናው እስኪጠግብ ጠጣ፤ ሩዙም ግሩም ሆነ። እናቷ፣ «እትዬ፣ ዛሬስ እጅሽን ሳም ሳም አድርጊው አሰኘኝ» ስትል ሁለቱ ጠረጴዛው ሥር በእግራቸው ተነካኩ።

ከባዱ ግን ትምህርት ቤት ነበር። ዜና የምላስ የልብ ጓደኛ ናት፤ በግቢው የሆነውን ሁሉ ከደወሉ ቀድማ ስለምታሰማ ነው ዜና የተባለችው። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ የሒሳብ መምህሩ «ሬዲዮና ባትሪው ተገናኙ» ይላሉ።

«የሆነ ነገር ደብቀሽኛል» አለቻት አርብ ዕለት። «ጉንጭሽ ራሱ ተነፍቷል።»

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«ጥርስሽን ቢያምሽ ኖሮ ጠዋት በር ላይ ነበር የምትነግሪኝ። በፍጹም አትሸውጂኝም!» ብላ ቀኑን ሙሉ በጎን እያየቻት ዋለች። ምላስ ያን ዕለት ያወቀችው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ በላይ እንደሚያደክም ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቷ እሳቱን አቀጣጥሎ ፍርግርጉ ላይ ድንችና በቆሎ ደረደረ። እናቷ ሳህን ትቆጥራለች፤ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ለጠረጴዛው አበባ ያለበት ጨርቅ ይዛ መጥታለች። አክስቷ ትልቁን ድስት የዶሮ ሾርባ ጥዳ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱን፣ ቁንዶ በርበሬውን በየተራው ትጨምራለች። ምላስ ዞር ብላ ቀመሰች፤ ናናውን አጠጣች። አክስቷ ቁንጥር ጨው ጣል አደረገች። ምላስ ደግማ ቀመሰች፤ እንደገና አጠጣች።

«ኧረ ልጄ፣ ያ ናና ዛሬ ምን በደለሽ?» አለ አባቷ። «ልታሰምጪው ነው እኮ።»

በመጨረሻ ምላስ በሶብላውን ቀነጠሰች። ሾርባው ልክ ሆነ። ልክ ብቻ አይደለም፤ ዓይን የሚያስጨፍን ሆነ። አክስቷ ከጭሱ ወዲያ ሆና በዓይኗ ሳቀችላት፤ ምላስም ከደስታዋ ብዛት መዝለል አማራት። እናቷ ወንበር አምጪ ስትላት እየዘለለች ወደ ቤት ገባች።

ይሄኔ ነው ዜና የመጣችው። የክፍሉ ልጆች ሁሉ የእግር ኳስ ቡድናቸው ዋንጫ ሲበላ የታደለውን ቢጫ ቲሸርት ለብሰዋል፤ ምላስም ያንኑ። ዜና እጅ አጣጥፎ መቆም አይሆንላትም፤ የውሃ ማጠጫውን ከናናው አጠገብ ስታየው ብድግ አድርጋ እያንጎራጎረች ማጠጣት ጀመረች። ጥሩ አድርጋ አጠጣችው። ጨርሳ ሞላችና ደገመችው።

አክስቷ ከፍርግርጉ ጭስ ባሻገር ያየችው ቢጫ ቲሸርትና የውሃ ማጠጫ ብቻ ነው። «በቃ ብላ አልነበር እንዴ?» ብላ አመነታች። ግን ከገዛ ራሷ ይልቅ የውሰት ምላሷን አመነች። ጨመረች። ውሃው አሁንም ሲፈስ አየች፤ አሁንም ጨመረች።

ምላስ ወንበር በራሷ ተሸክማ ስትወጣ ዜናን ከናናው ላይ አጎንብሳ አገኘቻት።

«ተዪው!» ጮኸች። ወንበሩን ጥላ ወደ ድስቱ ሮጠች፤ ማንኪያ አጥልቃ ቀመሰች። ባሕሩ ተመልሶ መጥቷል።

ምንም ለማለት ጊዜ አላገኘችም። እናቷ ከኋላዋ ደርሳ ጭልፋውን አነሳችና ፉት አለች። ፊቷ ጭምድድ አለ።

«ማነው ይሄን ሁሉ ጨው የደፋበት?»

አባቷ ድንች የሰካበትን ሹካ እንደያዘ ቀረ። የክፍል ጓደኞቿ አጥሩ ሥር ተደርድረው ያያሉ። አክስቷ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ፊቷ እንደ ሐሙሱ ሆኗል። እውነቱ ሁሉ የምላስ ምላስ ጫፍ ላይ መጥቶ ተሰለፈ። ጉንፋኑ። ናናው። ዜና። አንዱ ብቻ ቢወጣ እሷ ነጻ ነበረች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው እማዬ» አለች።

ውሸት አልነበረም፤ ምልክቱን የፈጠረችው እሷ ናት። እውነቱም ሁሉ አልነበረም።

«አፍሽ ሳያንስ ደግሞ በእጅሽ መጣሽ?» አለች እናቷ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ የምላስ ጆሮዎች ከምድጃው በላይ ጋሉ።

«ተዪአት» የሚል ድምፅ መጣ። አክስቷ ተነስታ እጅጌዋን ሰብስባለች። «የተበላሸ ነገር የለም፤ የበዛ ነው ያለው። ጨው ሲበዛ ድስቱን ማብዛት ነው! ሌላ ድስት አምጡልኝ! ውሃ! ድንች! አንቺ ካሮት ንቀዪ፣ አንተ ቲማቲም ልቀም፤ ማነው ቆስጣ መክተፍ የሚችል?»

ለዚህ ምላስ አያስፈልግም፤ እጅ ይበቃል። ልብስ ሰፊዋ ሮጣ ቤቷ ካለው ሁሉ የሚተልቀውን ድስት አምጥታ ሾርባው ለሁለት ተከፈለ። ልጆቹ መደቡን ወረሩት። ዜና የትምህርት ቤቱን ወሬ እያወራች ድንች ትልጣለች፤ ከጎኗ ያለው ልጅ የላጠው ድንች ብይ አክሎ ሲወጣ «ወንድሜ፣ ልጣጩን ነው የምንበላው?» አለችው። አባቷ ሁለተኛውን እሳት እፍ ሲል አመዱ መላጣው ላይ ቦነነበት፤ ልብስ ሰፊዋ «ይኸው ሽበት አበቀልክ፤ እንኳን ደስ ያለህ!» ብላ በሽርጧ ጠረገችለት።

«አንቺ ደግሞ» አለች እናቷ ወደ ምላስ ዞራ፣ «የትም አትሄጂም። ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፤ እስኪስተካከል እዚሁ ቆመሽ ትቀምሻለሽ። ቅጣትሽ ነው!»

ምላስና አክስቷ ተያዩ። ሳቃቸውን ለመዋጥ ሁለቱም ወደ ድስቶቹ አጎነበሱ።

ከዚያ በኋላ ምልክት አላስፈለገም። ምላስ ከድስት ድስት እየተዘዋወረች በሙሉ ድምጿ ትናገራለች። «ውሃ! ገና ነው። ድንች ጨምሪበት። ይሄኛው ሎሚ ይፈልጋል፤ ትንሽ፣ ትንሽ! በቃ!» አክስቷ እየሰማች ትጨምራለች፣ ታማስላለች፣ እሳት ትቀንሳለች። እንዲህ ሲሠሩ የሾርባው ሽታ አጥሩን ተሻግሮ መንገደኛ ማስቆም ጀመረ። ድስቱም ሁለት ሆኗልና፣ የቆመው ሁሉ ግባ እየተባለ ገባ። ሰው ቆሞም፣ ጡብ ላይ ተቀምጦም በላ። የደገመ እንጂ ያስተረፈ አልነበረም።

«እትዬ፣ እጅሽ ይባረክ!» አለ አባቷ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ።

«እጁ የእኔ ነው» አለች አክስቷ። «የእሷ ምላስ ግን ይባረክ።»

«የእሷ ምላስ?» አባቷ ሳቀ። «ኧረ አሳጥሪልን!»

ሁሉም ሳቁ። አክስቷ ግን ምላስን ትከሻዋን ይዛ ወደ ራሷ አስጠጋቻትና ጆሮዋ ሥር «ምላሴ» አለቻት። ከቅጽል ስሟ የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት። ምላስ እንባዋ መጣ፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች ቧንቧው ሥር ተቀምጠው ድስት ያጥባሉ።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለች ዜና። «ያ ጨው ያንቺ ሥራ አይደለም። አንቺ ስታጠፊ ሳልጠይቅሽ ነው የምትነግሪኝ። ደግሞ ናናውን ሳጠጣ ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የጮኽሽው?»

ምላስ አፏን ከፈተች። አክስቷ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆማ የበሶብላ ቅጠል በጣቶቿ አሽታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ጠበቀች። ሽታው አልመጣም መሰል፣ ሌላ ቅጠል ቀነጠሰችና እንደገና አሸተተች። እያንጎራጎረች ነበር።

ሰኞ ገና ነው። ያዋሱትን ነገር የተዋሰው ሰው ሳይፈቅድ መልሰው አይወስዱም።

«ናናውን ሁለተኛ ውሃ እንዳታጠጪብኝ» አለች ምላስ፣ የታጠበውን ድስት ለጓደኛዋ እያቀበለች። ሌላ አልጨመረችም።