ፖሊስ ያልያዛት ልጅ

ድራማውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዛሬ አርባ ዓመት በከተማችን ስለተነሳው የወጣቶች አመጽ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሲሠራ ታሪኩን እንዳጠና ተቀጠርኩ። ሥራ እንደ ጀመርኩ አንድ የድሮ የፖሊስ መዝገብ እጄ ገባ። የታሰሩት ዘጠኝ ወጣቶች ስም፣ ዕድሜና ፎቶግራፍ አለበት። ዘጠኙም ወንዶች፣ ዘጠኙም የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ የተሟላ መዝገብ ከተገኘ በኋላ ሰው ፍለጋ መዞር ጊዜ ማባከን መሰለኝ።

ዳይሬክተሩም ዘጠኝ መልከ መልካም ልጆች መረጠ፤ ቀረጻው ተጀመረ።

ልብስ ሰፊያችን ስድሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ከቤታቸው አሮጌ ግራጫ ካፖርት ይዘው መጡ። ገበሩን ገልብጠው ሲያሳዩን ሰባት የተደበቁ ኪሶች አሉት።

«የታናሽ እህቴ ነው» አሉ። «ያኔ የአመጹ ወረቀት የሚበተነው በዚህ ነበር። ካፖርቴ ድራማው ውስጥ ካለ እኔም አለሁ ማለት ነው ብላ ነው የሰጠችኝ።»

እህታቸው መስማት የተሳናት ናት። አመጸኞቹ ወረቀታቸውን የሚያባዙት በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ፎቅ ላይ ነበር፤ ማባዣ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ደግሞ እዚያው ልብስ ስታጥብ የምትውለው እሷ ነበረች። ማሽኑ ሲጮህ ሌሎቹ የውጪውን ድምፅ አይሰሙም። እሷ ግን ጫማዋን አውልቃ ጣውላው ላይ ስለምትቆም፣ ሰው ደረጃውን መውጣት ሲጀምር በእግሯ ታውቃለች። አራት ጊዜ እንዲህ አትርፋቸዋለች። ዘጠኙ በተያዙ ዕለት ፖሊሶች እሷንም መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቋት። ዝም አለች። «ይቺ ምንም አታውቅም» ብለው ለቀቋት። ካፖርቱን ለብሳ ነበር፤ ሰባቱም ኪሶች ሙሉ ነበሩ።

በማግስቱ ልብስ ክፍል ስገባ ካፖርቱን ዋናው ተዋናይ ለብሶት አገኘሁ።

«እትዬ፣ እጅጌው አጥሮታል፤ ትንሽ ይልቀቁለት» አለ ዳይሬክተሩ።

«እህቴስ?»

«የትኛዋ እህትዎ?»

«የካፖርቱ ባለቤት ናታ!»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ አመጽ ነው። ልጆቹ መፈክር ያሰማሉ፣ ይጮኻሉ። የማትናገር ልጅ አምጥቼ ምን ላድርጋት? ለሁሉም ቦታ እንስጥ ካልን ድራማው ስብሰባ ይሆንብናል። ደግሞ መዝገቡ ላይ የለችም። አይደል እንዴ፣ አንቺ ፕሮፌሰር?»

ፕሮፌሰር የሚለው እኔን ነው፤ ሲያሾፍብኝ።

«የለችም» አልኩ።

እትዬ መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰኩና ወደ እኔ ዞሩ። «እዚያ ላይ እንዴት ብላ ትኖራለች? የጻፉት እኮ የያዙትን ነው! ሥራዋን አሳምራ ስለሠራች አልተያዘች። አሁን ለዚህ ነው የምትቀጧት?»

«እትዬ፣ ማን ቀጣት? ቦታ ባገኝላት እኮ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ዳይሬክተሩ።

«ቦታ ስጣት መች አልኩህ? የራሷ ቦታ ላይ ሌላ ሰው አቆምክበት ነው የምልህ።» ከዚያ ወደ ተዋናዩ ዞር አሉ። «አውልቀው የኔ ልጅ፤ አንተን አይደለም የተቆጣሁት።»

ልጁ ቶሎ አወለቀው።

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ፖሊስ የናቃትን ልጅ እኔም ከፖሊስ እኩል ንቄአታለሁ። ያለፈውን የምንተርክ ሰዎች መዝገብ ስናገላብጥ ማን እንደ ጻፈውና ማንን ከቁም ነገር እንዳልቆጠረ ካልጠየቅን፣ ያኔ የተናቀው ሰው ዛሬም በእኛ እጅ ይናቃል። ተመልካቹ የሚያምነው ደግሞ ያየውን ነው።

እትዬ ካፖርቱን አጣጥፈው ወጡ።

«ሌላ ካፖርት ፈልጊ» አለኝ ዳይሬክተሩ። የመዝገቡን ቅጂ ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጥኩና ተከተልኳቸው።

«እትዬ፣ ቤታችሁ ሩቅ ነው?»

ቆም ብለው አዩኝ። «ሁለት ፌርማታ ነው። ግን እሷ የምታወራው በእጇ ነው፤ ትችያለሽ?»

«እርስዎ ይተረጉሙልኛል።»

ዳይሬክተሩ ከክፍሉ ውስጥ ስሜን እየጠራ ይጮኻል። በሩን ዘጋሁት።