የሲሊከኗ አሟሟት

ሟቿ ክብ ነበረች። እንደ መስታወት የምታብረቀርቅ፣ ከጥፍር የሳሳች የሲሊከን ቁራጭ።

"ሞተች የተባለችው ይቺ ናት?" አለ መርማሪው አጎንብሶ። ሆዱ ጠረጴዛውን ገፋው።

"እንዳይነኳት!" አለች የቤተ ሙከራው ለኪ።

"ሞታ የለ እንዴ?"

"ብትሞትም!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃን ሲሊከን ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል፤ የለቀቀው ቦታ ባዶ ይቀራል። ኤሌክትሮኑ ሲንከራተት ቆይቶ አንዱ ባዶ ቦታ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ይጠፋሉ። እስከዚያ ያለችው ቅጽበት ዕድሜያቸው ናት። ከዓይን ጥቅሻ በብዙ ታንሳለች፤ ግን ከፀሐይ ኤሌክትሪክ የሚታለበው በእሷ ውስጥ ነው። ዕድሜው በረዘመ ቁጥር ሲሊከኑ ይከበራል።

ይቺን ዕድሜ መለካት የሴትየዋ እንጀራ ነው። ሲሊከኗንም ስታሻሽል የኖረችው እሷው ናት፤ ቤተ ሙከራው ያን ያህል ረጅም ዕድሜ ዓይቶ አያውቅም ነበር። ዓርብ ማታ ለክታት ደህና ነበረች፤ ቁም ሳጥን ውስጥም ቆልፋባት ሄደች። ዛሬ ሰኞ ጠዋት ሥራውን ሊመዝኑ የመጡ ገምጋሚዎች ፊት ስትለካት ግን ዕድሜዋ አሽቆልቁሎ ተገኘ። ገምጋሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ከመደንገጥ ይልቅ ወረቀት አቀረበላት።

"በብረት መቆንጠጫ ነክቼ አቆሽሼያታለሁ ብለሽ ፈርሚና በሰላም ልቀቂ። አለበለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ።"

"ይጥሩ! እጄ ይቆረጣል እንጂ አልፈርምም።"

ተጠራ።

"የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?" አለ መርማሪው።

"እኔ ጋ። ሌላው እሳቱ ጋ" አለች ለኪዋ።

እሳቱ የሚሉት የምድጃውን ሠራተኛ ነው። ከእሷ ጋር ከተኳረፉ ቆይተዋል። ይህን ሲሰማ መርማሪው ወንበሩን ወደ እሳቱ አዞረ።

"ጠላትህ ናት አሉ።"

"ምላሷ አያስቀምጥም፤ አልዋሽም። ግን ይቺን ሲሊከን በምድጃዬ ያሳለፍኳት እኔ ነኝ። የገዛ ልጄን አንቃለሁ?"

"ቅዳሜና እሁድ የት ነበርክ?"

"ሆስፒታል፣ ሚስቴ አልጋ ሥር። ነርሶቹን ጠይቃቸው።"

ተጠየቁ። እውነቱን ነበር። መርማሪው ተንፍሶ ወደ ለኪዋ ተመለሰ።

"እህቴ፣ እንግዲህ አንቺ ብቻ ቀረሽ።"

ሥራዋን ብቻ ቢቀሟት ሌላ ትፈልግ ነበር፤ በስሟ ላይ ይህ ከተጻፈ ግን የትኛውም ቤተ ሙከራ በር አይከፍትላትም። ፈራች። ከፍርሃቷ በላይ ግን ተናደደች፤ ስትናደድ ደግሞ አእምሮዋ ይሰላል። እዚህ ቤት ሁሉም የሚለካው መሃሉን ነው። ጠዋት እሷም የለካችው መሃሉን ብቻ ነበር።

"ዳሯን ልያት" አለች።

ሲሊከኗን መለኪያው ላይ አስተኝታ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚለካውን ማሽን አዘጋጀች። በዚህ መካከል ኃላፊው እየተጣደፈ ገባ።

"ጊዜ ለምን ታባክኛለሽ? መጀመሪያ በጨለማ አሙቂያት፣ ምናልባት ዕድሜዋ ይመለስ ይሆናል!"

እጇ ቆመ። "በብረት ቆሽሻለች አላሉም? የብረት እድፍ በማሞቅ ይለቃል እንዴ?"

ኃላፊው ዞር ብሎ ሰዓቱን አየ።

"የዚህ ዓይነት ሲሊከን ብርሃን ላይ ሲያድር ዕድሜው ያጥራል" አለች ለመርማሪው። "ለዚህ ነው በጨለማ የምናስቀምጣት። ብርሃን የጎዳትን በጨለማ ካሞቋት ትድናለች። ጉዳቱም አብሮ ይጠፋል፣ ምልክቱም አብሮ ይጠፋል። አሁን አላሞቃትም።"

ማሽኑን አስነሳችው። ማያው ላይ ቀይ ሞላ፤ ቀይ ማለት አጭር ዕድሜ ነው። ዳር ላይ ሲደርስ ግን አረንጓዴ ብቅ አለ። አምስት ማዕዘን ነበረው። አንዱ ጥጉ ተሸርፏል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። የሆነ ነገር ተጭኖባት ነበር።" ቅርጹን ብዙ ጊዜ አይታዋለች። "ሄደው የኃላፊውን ጠረጴዛ ይዩ።"

መርማሪው ሄደ። ሲመለስ በመሐረብ የጠቀለለው የነሐስ ሽልማትና ከመሳቢያው ያገኘው የቁም ሳጥኑ ትርፍ ቁልፍ ይዞ ነበር። ሽልማቱ ኃላፊው የቢሮው ማራገቢያ ወረቀቱን እንዳይበትንበት የሚጭነው ነው። አምስት ማዕዘን፣ አንድ ጥጉ የተሸረፈ። ምስሉ ላይ ሲያስጠጉት ልክክ አለ።

"ቅዳሜና እሁድ ብርሃን ላይ አሳድረዋት፣ ማራገቢያው እንዳይወስዳት ሰግተው ነው የጫኑባት" አለች። "ሲሊከን ላይ ዕቃ አይጫንም። ከሥራ ጠረጴዛው የራቀ አለቃ ብቻ ነው እንዲህ የሚረሳው።"

"ሊያጠፋት ከፈለገ በመዶሻ አይሰብራትም ነበር?"

"ሊያጠፋት መቼ ፈለገ! እኔ ፈርሜ ስወጣ አሙቆ ሊያስነሳት ነው። ያኔ እኔ የገደልኳትን እሱ አዳናት ሊባል፤ ሥራው በስሙ ሊሄድ።"

ኃላፊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። "ሃያ ዓመት አለቃ ሆኜ" አለ ዝቅ ብሎ፣ "በስሜ የሚጠራ አንድ ሥራ የለኝም።" ከዚያ ቀና አለ። "ደግሞ ምን ጎደለ? ትድናለች እኮ! በቤታችን እንጨርሰው።"

መርማሪው ወደ ለኪዋ ጠጋ አለ። "ብትታረቁስ? ክሱ ጊዜሽን ይበላዋል።"

"ይብላው። ገምጋሚዎቹን ይጥሩልኝ። እሳቱ ያሙቃት፣ እኔ እለካታለሁ። ኃላፊውም ቆመው ይዩ።"

ምስሉ ታትሞ ለመርማሪው ተሰጠ። እሳቱ ሲሊከኗን በጨለማ አሞቃት። ገምጋሚዎቹ ኮታቸውን እንደለበሱ ተመልሰው በሩ አጠገብ ቆሙ፤ ኃላፊው ከመርማሪው ጎን ነበር። ለካች። የሲሊከኗ ዕድሜ እንደ ድሮው ረጅም ነበር። ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው።

"የማን ሥራ ነው?" አለ አንጋፋው ገምጋሚ።

ኃላፊው መሬት መሬት ያይ ነበር። እሷ እሱን እያየች መለሰች።

"የእኔ። የእኔና የእሳቱ።"